ትሁኔን ምርጫ ያስተማርኳት እኔ ነኝ

ስለ ራሴ ክፉ ክፉውን ቀድሜ የማወራው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጥርሶቼ ከእኔ ተለይተው ብርጭቆ ውስጥ ያድራሉ። ስብከት መሐል ሳላንኮራፋ የዋልኩበት እሑድ ካለ ፓስተራችን በር ላይ እጄን ሲጨብጥ "ዛሬ በርትተዋል" ይለኛል። አትላንታ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ላለ ሆቴል የእንግዳ ማመላለሻ ሻትል ስነዳ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ተሳፋሪ ዕቃ ረስቶ ሲወርድ እየሮጥኩ እመልስ ነበር ብዬ ሳወራ ልጄ ቤዛ ታርመኛለች፤ "ዳዲ፣ አንተ ሮጠህ አታውቅም" ትላለች። እውነቷን ነው።

እንዲህ ስናገር ሰው ይስቃል። መሳቁ ደስ ይለኛል፤ የሳቀ ሰው ቀጥሎ ጥያቄ አይጠይቅማ። ባለፈው ፀደይ ግን ይህ ዘዴዬ በሦስት ቀን ውስጥ ከሸፈብኝ። እንዴት እንደከሸፈ ልጽፍላችሁ ነው የተቀመጥኩት። ሳቅ ቢመጣባችሁ አትያዙት፤ እኔም ስጽፈው አልፎ አልፎ መጥቶብኛል። የሚያሳፍረው ቦታ ስንደርስ ግን ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

በቤተ ክርስቲያናችን ስሜ "መምህር ተሾመ" ነው። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ወርካ ሜዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበርኩ። ከሥራዬ ሌላ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። በዓመታዊው ጉባኤ ላይ መድረክ መሪው "ለገጠሩ ወገናችን ብርሃን ሲያበሩ የኖሩ አባት" ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ራሰ በራዬን ዝቅ አድርጌ ጭብጨባውን እቀበላለሁ። አንድ ቀን እንኳ "እስቲ ቆዩ" ብዬ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ቤዛ ሚድታውን ካለ የሕግ ቢሮ ትሠራለች። በስድስት ዓመቷ ነው ይዘናት የመጣነው። ዘግይቼ ነው ያገባሁት፤ ሴቶቹ ለረጅም ጊዜ ተጠንቅቀውኝ ነበር። ልጅቷ አማርኛ ሁሉ ይገባታል፣ ከአፏ ሲወጣ ግን ይሰባበራል። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ዜግነት ያገኙ አረጋውያንን ስለ ምርጫ እንድታስተምርልን ለመናት፤ እሷ ደግሞ እኔን አስተርጓሚ አደረገችኝ።

"ዳዲ፣ ጀስት እኔ የምለውን በል። ጆክ እንዳትጨምር።"

"አንድ እንኳ?"

"ዜሮ።"

የምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አራት አረጋውያን ታጣፊ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቤዛ ለማንም ያደላች እንዳይመስል በፈጠራ የጻፈቻቸውን አምስት ስሞች ከላይ ወደ ታች የያዘ ወረቀት አደለች። በየስሙ ጎን ባዶ ክብ አለ። "የሚወዱትን ይምረጡ፤ ለልምምድ ነው" አለች፤ ተረጎምኩ።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። "የትኛው ነው ጥሩው?"

"ጥሩ የሚባል የለም። የወደዱትን" አለች ቤዛ በአማርኛ።

"ጥሩ ከሌለማ ለምን መጣን?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ በየወንበሩ መሐል እየዞርኩ እርሳስ ሳድል ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ቀድመው ጨርሰዋል። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ሁለት እጃቸውን ጭነውበታል፣ ጎረቤት እንዳይገለብጥባቸው የሚጠነቀቅ ተማሪ ይመስላሉ። ስቀርብ ገልጠው አሳዩኝ። ሦስተኛው ስም ላይ የመስቀል ምልክት አለ። ከመጫናቸው ብዛት እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል።

"ማንን መረጡ፣ እናቴ?"

"ሦስተኛውን።"

"ምኑን ወደውት ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ቅር ያላቸው መሰለኝ። "እንዴ መምህር፣ እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? አንደኛውን እለፊ፣ ሁለተኛውን እለፊ፣ ሦስተኛው ላይ መስቀል። ያን ያህል ያስጠኑኝን እረሳለሁ?" በዜማ ነው ያሉት። ዜማውን ከፊታቸው በፊት አወቅሁት። "ትሁኔ ነኝ'ኮ፣ የወርካ ሜዳዋ። ልጄን በላይነሽን አስከትዬ እመጣ የነበርኩት።"

የያዝኩትን እርሳስ ሁሉ ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

"ዳዲ፣ ምን አለች?" ስትል ቤዛ ከፊት ጠየቀችኝ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። "የድሮ ተማሪዬ ናቸው" አልኩ። "በደንብ ነው ያስተማሩኝ ይላሉ።"

ቤዛ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ኦ፣ ዳዲ። ዛት ኢዝ ሶ ስዊት።" ማጨብጨብ ጀመረች፤ አዳራሹም ተከተላት። ወይዘሮ ትሁኔም አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ሲበርድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዘይቱስ? ከፈተናው በኋላ ነው የሚሰጠን?" አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ቀልድ መስሏቸው ፈነዱ። ቤዛ አሁንም "ምን አለች?" አለችኝ።

"ምሳው ዘይት እንዳይበዛበት ይላሉ። ደም ግፊት አለባቸው።"

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ውሸት፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ወርካ ሜዳ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። አራተኛን የጨረሰ ልጅ አምስተኛ ለመማር ወንዝ ተሻግሮ ግማሽ ቀን መሄድ ነበረበት። ወንዶቹ አልፎ አልፎ ይሄዳሉ፤ ሴት ልጅን ግን ማንም አይልክም። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ይመር የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ዓመት ለወረዳ ምክር ቤት በግላቸው ተወዳደሩ። ቃላቸው አንድ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል እንዲከፈት መሟገት። በወረቀቱ ላይ ስማቸው ሁለተኛ ነው።

ሦስተኛው ወረዳው ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰውዬ ነው። አንድ ቀን በመኪና መጣና የዘይት ካርቶን፣ ሳሙናና ደብተር አራገፈልኝ። "ጎልማሶቹ ያምኑሃል። ዘይቱን አድልልኝና አስመርጥልኝ፤ የከተማ ዝውውርህን እኔ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ገጠር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ዝውውር ስጠይቅ ኖሬ ነበር። እሺ አልኩ። ብዙ አላንገራገርኩም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ።

ጎልማሶቹ ሀሁን ጨርሰው ስማቸውን መጻፍ ጀምረው ነበር። "ፊደሉ ለጊዜው ይቆየን" አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ አምስት ሣጥን ሠራሁና ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዳቸውን እያስወጣሁ ሦስተኛው ላይ መስቀል አስደረግኩ። እንዳይረሱት ዜማ አወጣሁለት። ያልተሳሳተውን ሁሉ "ጎበዝ፣ አልፈሃል፤ ጎበዝ፣ አልፈሻል" እያልኩ ዘይቱን ሸለምኩ። ሰውዬው አድል ነው ያለኝ። ሽልማት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መምህር ነኛ፣ አሠራር አውቃለሁ። በምርጫው ቀን ደግሞ የጣቢያው ኃላፊም እኔው ነበርኩ።

አቶ ይመር ተሸነፉ። ዝውውሬ መጣ፤ ከተማ ገባሁ፣ ቤዛ ተወለደች፣ ኋላም ባለቤቴ ዲቪ ደረሳት። ወደ ፊደሉ አልተመለስንም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ቤዛ፣ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት እንደሚችል አስረዳች። ረዳቱ ፎርም ላይ ይፈርማል፤ አንብቦ ይነግራል እንጂ አይመርጥም። ወይዘሮ ትሁኔ ለጥያቄ እንኳ ጊዜ አልሰጡም።

"መምህሬ ይግባልኝ።"

ልጃቸው ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከዴንቨር በቅርቡ ነው ወደ አትላንታ የተዛወሩት። ሰኞ፣ ድምፅ መስጠት በሚጀመርበት ቀን፣ ስለማይመቸው እኔ እንድወስዳቸው ተስማማን። በአዳራሹ ፊት እምቢ ማለት አይቻልም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልነግራቸው ቆርጬ ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለው አፓርታማቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግሬን አጠናሁት። ልጃቸው ሥራ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ታብሌት ያያሉ። ወይዘሮ ትሁኔ ሻይ ቀዱልኝና ስልካቸውን አውጥተው አንዲት የተጎሳቆለች ሴት ፎቶ አሳዩኝ።

"አወቋት?"

"በላይነሽ ናት?"

"አዎ፣ በላይነሽ። አምስት ወልዳለች።"

በላይነሽ አራተኛ ክፍል ሳስተምራት ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ጎልማሶች ክፍል ትመጣና በር ላይ ተቀምጣ፣ አዋቂዎቹ ሲሳሳቱ አፏን በእጇ ትይዝ ነበር፣ መልሱ እንዳያመልጣት።

"ትምህርቷስ?" አልኩ፣ የማላውቅ ይመስል።

"የት ልትማር? አምስተኛ ይመጣል ሲባል ሳይመጣ ቀረ። በዓመቱ ዳርናት። ወንድሟን አጎቱ ከተማ ወስዶ አስተማረውና ይኸው ለዚህ በቃ። የሷ እንዲህ ሆነ።" ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "እግዜር ያላለው አይሆንም ብዬ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል።"

"ምን?"

"የምርጫው ቀን አብራኝ መጣች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበበችና፣ እማ፣ ሁለተኛው ጋሽ ይመር ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። መምህሩ ሦስተኛው ብለዋል፣ አንቺ ከመምህሩ ትበልጫለሽ አልኳት። እጄን ስትጎትተኝ በጥፊ አልኳት።"

"ለምን መቷት?"

"ልትጥለኝ ነው ብዬ ነዋ። እኔ ፈተና መስሎኝ ነበር፣ መምህር። ክፍል ውስጥ ያጠናነው፣ ወረቀት የተሰጠን፣ ያለፈ የተሸለመበት። ምን ይመስለኝ ታዲያ? እንዳልወድቅ ፈርቼ ነው የመታኋት።" ፈገግ አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። "እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ቴሌቪዥኑን እያየሁ፣ ሰው የፈለገውን እንደሚመርጥ የገባኝ። እኔ ሞኟ ነኝ ያልተረዳሁ፤ እርስዎማ ደንቡን ነው ያስተማሩን። ቅዳሜ ደግሞ እርስዎን ሳይ እጄ በራሱ ሄደ፤ አፌም ዘይቱን ጠየቀ።"

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፤ "ሞኟ እርስዎ አይደሉም" ብሎ መጀመር ብቻ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ሆቴል ስሠራ ሳስነጥስ ጥርሴ ወልቆ ከመኪናው መሪ ሥር የገባበትን ቀን አወራሁላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እርስዎ ድሮም እንዲህ ነበሩ" አሉኝ። ሳቃቸውን ደጃፉ ላይ ትቼ ወጣሁ።

አሳንሰሩ ውስጥ ከመስታወቱ ጋር ተፋጠጥኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥፋቴን በልቤ ሳስታውስ "በዘይት የተሸጠ ድምፅ" ብዬ ነበር የምጠራው። ሻጭና ገዢ ያለበት፣ ሁሉም የፈለገውን ያገኘበት ነገር አድርጌው ነበር። ይቺ ሴት ግን ምንም አልሸጠችም። የመምህሯን ትምህርት ነው የታዘዘችው። ያላት ብቸኛዋ ማንበብ የምትችል ሰው እውነቱን ስታነብላት፣ እኔን አምና የልጇን ፊት መታች። ነገ ደግሞ ያንኑ እጅ ይዤ ልገባ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምርጫው የሚካሄድበት ቤተ መጻሕፍት ደጅ ፓርክ አደረግኩ። ሰልፉ እስከ እግረኛ መንገዱ ደርሷል። ወይዘሮ ትሁኔ ነጠላቸውን አስተካክለው መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቤዛ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ነበር፤ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

"እማማ፣ ኤክሳይትድ ነዎት? ፎቶ አነሳችኋለሁ፣ ሁለታችሁንም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤዛን በሰበብ አስወርዳት ነበር። ያን ዕለት ግን ሰበቡ አልመጣልኝም፤ ቢመጣልኝም የምጠቀምበት አይመስለኝም።

"ወይዘሮ ትሁኔ፣ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አለኝ።"

"መታወቂያውን ይዣለሁ።"

"እሱን አይደለም። ያኔ ሦስተኛው ላይ ብዬ ያስጠናኋችሁ፣ ፈተና አልነበረም።"

"አውቃለሁ፣ ኋላ ገብቶኛል አልኩዎ'ኮ።"

"እኔ ግን ያኔም አውቅ ነበር።"

ዞር አሉ። "ምኑን?"

"ሁለተኛው አቶ ይመር እንደሆኑ። እሳቸው ቢመረጡ ስለ አምስተኛ ክፍል እንደሚሟገቱ። ደንብም አላስተማርኳችሁም። ዘይቱን የላከው ሦስተኛው ሰውዬ ነው፤ እናንተን ካስመረጥኩለት ከተማ ሊያዛውረኝ ቃል ገባልኝ። ሽልማት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አዛወረኝ።"

ወይዘሮ ትሁኔ ከመስተዋቱ ባሻገር ሰልፉን ያያሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

"በላይነሽንስ?"

"ምን?"

"እሷንስ ያኔ ያውቋት ነበር? የአራተኛዋን?"

"አንደኛ ነበረች። አውቃታለሁ።"

"ባያውቋት ይሻለኝ ነበር" አሉ።

በሩን ከፈቱ። እኔም ቀበቶዬን ፈትቼ ልወርድ ስል እጃቸውን አነሱ፣ መኪና እንደሚያስቆም ሰው። "እርስዎ ይቆዩ።" ወደ ኋላ ጎንበስ ብለው ቤዛን፣ "ልጄ፣ አንቺ ግቢልኝ" አሏት።

"እማማ፣ የኔ አማርኛ... ላይክ፣ ጥሩ አይደለም።"

"እንግሊዝኛውን ማንበብ ትችያለሽ?"

"አዎ።"

"በቃ፤ የተጻፈውን ታነቢልኛለሽ። የትኛው እንደሚሻል ግን እንዳትነግሪኝ።"

ቤዛ ወረደች። አላየችኝም። በሩን የዘጋችው ቀስ ብላ ነው፤ ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆዩ። ሰልፉ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ቤዛ አንድ ጊዜ ስታወራ፣ ወይዘሮ ትሁኔ ጆሯቸውን አዘንብለው ሲሰሙ፣ ከዚያ ተራ ደርሷቸው በመስታወቱ በር ሲገቡ። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። የማወራው ቀልድ ቢኖረኝም የሚሰማ አልነበረም። በሰባ ሁለት ዓመቴ ከራሴ ጋር ብቻዬን ያን ያህል የተቀመጥኩ አይመስለኝም። አብሮ መቀመጥ የሚያስደስት ሰው አይደለሁም።

ሲወጡ ወይዘሮ ትሁኔ ደረታቸው ላይ ድምፅ ለሰጠ የሚታደለውን ክብ ተለጣፊ አድርገዋል። ወደ እኔ መኪና አልመጡም፤ ወደ ቤዛ መኪና ሄዱ። ቤዛ መስኮቴ ጋ መጣች።

"እኔ አደርሳቸዋለሁ።"

"እንዴት ነበር?"

"ሁሉንም ስም ነው ያስነበቡኝ፣ ዳዲ። ዳኞቹን፣ ሁሉንም። የትምህርት ቦርድ ላይ ስንደርስ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ማን ምን ሠራ፣ ልጅ አለው ወይ፣ ምን ሊያደርግ ነው አሉኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኳቸው።"

"ማንን መረጡ?"

"ስክሪኑን ሲነኩ ዞር አልኩ።" ቁልፏን እያገላበጠች ቆመች። "ቅዳሜ'ኮ አስጨበጨብከኝ፣ ዳዲ። እኔ ነኝ የጀመርኩት።"

ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ፓስተሩን ፈቃድ ጠይቄ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። ከዛሬ ጀምሮ መምህር እንዳትሉኝ፤ ያስተማርኳቸውን ሰዎች አታልዬ ድምፃቸውን አሳልፌ የሰጠሁ ሰው ነኝ አልኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሳቁ። ተሾመ ሌላ ጨዋታ ጀመረ ብለው ሳቁ። ጨዋታ አይደለም ስል የባሰ ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት በሳቅ የገነባሁት አጥር እውነቴንም ወደ ውጭ እንደማያሳልፍ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዷ ከኋላ በሩ አጠገብ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ስለ አገራችን ምርጫ መሻሻል በስብሰባም በስልክም ትከራከራላችሁ። ቤዛና ጓደኞቿም ሚድታውን ተሰብስበው ስለ ገጠሩ ምርጫ አንድ ጽሑፍ እያዘጋጁ ነው፤ ምስክርነቴን በሙሉ ስሜ ሰጥቻቸዋለሁ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የማውቀው ያደረግሁትን ነው። ድሃው ገበሬ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት ድምፁን ይሸጣል ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። አንዳንዱ ይሸጥ ይሆናል። ወርካ ሜዳ ላይ ግን ዘይቱ ብቻውን ቢመጣ ሴቶቹ ተቀብለው፣ መርቀው፣ የፈለጉትን ይመርጡ ነበር። ዘይቱን እንደ ሕግ ያስከበረው የእኔ ጠመኔ ነው። ስለዚህ ፊደል የሚያስቆጥረውን ሰው የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ አታድርጉት። ዝውውሩንና እድገቱን በተወዳዳሪ እጅ አታስቀምጡት፤ ደካማ ነው፣ እኔን አይታችኋል። ምርጫ ሲደርስ የጎልማሶች ትምህርት "ለጊዜው ይቆይ" የሚል ሰው ካያችሁ ምን እንደተቀበለ ጠይቁት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ የምትችል ልጅ በሰፈሩ ካለችም ሰዉ እንዲሰማት አድርጉ። ለሁሉም ጊዜ አለ ብዬ አስብ ነበር። ለበላይነሽ አልነበረም፤ አንድ ክረምት ብቻ ነበራት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ትሁኔ ናቸው። "ይምጡ፤ ለእኔ የነገሩኝን ለበላይነሽም ራስዎ ይንገሯት" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሄድኩ። ወንበር አሳዩኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እዚያ ማዶ የልጆች ጫጫታና የከብት ድምፅ ይሰማል።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ምንም ሳላስቀር፣ ቀልድም ሳልጨምር። ጨርሼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"አውቅ ነበር'ኮ" አለች። "ማንበብ እችል ነበር።"

"አዎ።"

"ለእማ ይነግሩብኛል ብዬ ፈርቼ እንጂ ያኔውኑ ልጠይቅዎ ነበር። ኋላ ተዛውረው ሄዱ።" አንዱን ልጅ "ዝም በል፣ ስልክ ላይ ነኝ" ብላ ገሠጸች። ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላለችኝ። እስካሁንም አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። እናቷ እጃቸውን አጣምረው ወለሉን ያያሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለች በላይነሽ። "ሁልጊዜ አስብ ነበር። አምስተኛ ክፍል ምን ነበር የሚማሩት?"

"ብዙ ነገር ነው። ሒሳብ ላይ ክፍልፋይ መደመር ይማራሉ።"

"እንዴት አድርገው?"

ወይዘሮ ትሁኔ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እንግዲህ" አልኩ፣ "አንድ ሙሉ ነገር አለ እንበል።"